የጠቆረው ውኃና የፎቶግራፍ ምስክርነት

በእንጦጦ ራስ ላይ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ በሚያለብሳቸው ሸለቆዎች ውስጥ፣ ከድንጋይ ሥር እየፈለቀ የሚወርደውን ምንጭ ቆሞ ያየ ሰው፣ ያ ጥርት ያለ ውኃ ጥቂት መንገድ ተጉዞ ወደ ከተማይቱ እምብርት ሲደርስ ምን ዓይነት መልክና ምን ዓይነት ሽታ እንደሚይዝ ቢነገረው፣ ነገሩን እንደ ሐሜት ቆጥሮ ያልፈው ይሆናል። በላይ፣ በኪዳነ ምሕረት ጠበል፣ ሕሙማን ገና ሳይነጋ ተሰልፈው ድኅነተ ሥጋና ድኅነተ ነፍስ ይለምናሉ፤ በታች ግን፣ ከዚያው ተራራ ትከሻ በሚወርዱት በቀበናና በግንፍሌ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ መስኮቱን በወንዙ በኩል መክፈት ካቆመ ዘመን አልፎታል።

እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ አውርዶ ወደ ሜዳው የሳባቸው የፍል ውኃው እንፋሎት እንደ ሆነ የታወቀ ነውና፣ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ይህች ርእሰ ከተማ፣ አዲስ አበባ፣ የውኃ ልጅ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም። አቀማመጧም ከላይ እስከ ታች ተዳፋት ነው። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ሲበልጥ፣ የአቃቂ ሜዳ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በላይኛው ሰፈር የተጣለ ማናቸውም ነገር፣ ማንም ሳይገፋው፣ ክረምት በገባ ጊዜ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል ቀበና፣ ግንፍሌና ባንትይቀጡ እየተጋጠሙ ወደ ትልቁ አቃቂ ያመራሉ፤ በምዕራብ በኩል ትንሹ አቃቂ በኮልፌ፣ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ ወደ ቃሊቲ ይጓዛል፤ ሁለቱም በመጨረሻ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ።

ይህን የውኃ መንገድ በካሜራ የሚከታተል አንድ ወዳጅ አለኝ። ሥራው በሠርግና በምረቃ የተጀመረ፣ እንጀራውም እስከ ዛሬ ከዚያው የሚገኝ ነው፤ ሙሽራ በማያነሣበት ቀን ግን ረጅም ቦቲ ጫማውን አጥልቆ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ፎቶግራፍ በሀገራችን ቀድሞ የቤተ መንግሥት ክብር የነበረ ጥበብ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ንጉሡንና መኳንንቱን ካባ አልብሶ፣ ጋሻና ጦር አስይዞ ሲያነሣ፣ አንድ ቀን የዚያ ጥበብ ወራሾች ሌንሳቸውን ወደ ፌስታል ክምርና ወደ ጠቆረ ውኃ ያዞራሉ ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ሆኖም ነገሩን በጥሞና ለተመለከተው፣ የሁለቱም ግብር ምስክርነት ነው፤ ያኛው ለመዓርግ መሰከረ፣ ይህኛው ለጉዳት ይመሰክራል።

ምስክር ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው። በእኔ አስተያየት፣ የቆሻሻ ፎቶግራፍ ያ ቆሻሻ ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ካላሳየ በቀር፣ በአጠገቡ ቆሞ በተገኘው ድኻ ላይ የሚነገር ሐሰተኛ ምስክርነት ይሆናል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ያስተማሩኝ በቀበና ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ ያገኘናቸው አንዲት እናት ናቸው።

ወዳጄ እንደ ልማዱ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ ስለ ወንዙ ጠየቃቸው። እሳቸውም ሳሙናቸውን በድንጋዩ ላይ አኑረው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ «ልጄ፣ አንሣው፤ ግን ይህን የሚያይ ሰው ማን ጣለው ይላል? እኛ ነን የሚለው» አሉት። ቀጥለውም በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። ጣታቸው ባረፈበት በኩል፣ ከወንዙ ገደል በላይ፣ መስተዋት የለበሰ አዲስ ፎቅ ቆሟል፤ ከግርጌውም አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ከአፈሩ ብቅ ብሎ ግራጫ ፈሳሽ ያለ ማቋረጥ ወደ ወንዙ ያወርዳል። «ይኼ ሌሊት ይብሳል» አሉ፤ ሌላም ነገር ሳይጨምሩ ወደ እጥበታቸው ተመለሱ። ወዳጄ በዚያ ቀን ያነሣው ፎቶግራፍ እናቲቱንም፣ በወንዙ ዳር የተጣለውን የሃይላንድ ፕላስቲክም ሳይሆን፣ ቱቦውንና ፎቁን በአንድ ክፈፍ የያዘ ነው። እንደ ሥነ ጥበብ ቢመዘን ብዙ የሚደነቅ አይደለም፤ ሰማዩ ነጭ ነው፣ ፎቁም ዘመም ብሏል። እንደ ምስክርነት ቢመዘን ግን እስካሁን ካየሁለት ሁሉ የሚበልጥ ነው።

ቆሻሻው ወደ ወንዝ የሚደርስበትን ምክንያት ከሕዝብ ልማድ ጉድለት ብቻ የሚያዩ ብዙዎች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ፌስታሉን አሥሮ በጨለማ ከድልድይ ላይ የሚወረውር ሰው አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በጠባብ ጉራንጉር መንደሮች የቆሻሻ መኪና አይገባም፤ ገንዳው በዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ሞልቶ ሲፈስ፣ የመጀመሪያው የክረምት ዶፍ ያነሣውና ወደ ቦዩ፣ ከቦዩም ወደ ወንዙ ይወስደዋል። መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ ነው። ከተማይቱ በአብዛኛው ያደገችው የፍሳሽ መስመር ሳይቀድማት ስለ ሆነ፣ በወንዝ ዳር የተሠራው ጉድጓድ ሲሞላ ወደ ወንዙ መተንፈሱ አልቀረም። በቃሊቲ የተሠራው የፍሳሽ ማጣሪያ ባለፉት ዓመታት በቀን እስከ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ማጣራት እንዲችል ሆኖ ተስፋፍቷል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ማጣሪያ የሚያጣራው በቱቦ የደረሰለትን ብቻ ነው።

ሕግ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን የሚከለክል ሲሆን፣ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ደግሞ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን፣ በአፈር የማይበሰብሰውን ስስ ፌስታል ማምረትንና ማስገባትን ከከለከለ ዘመኑ ረዝሟል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጠበቅ አድርጎ የሚያግድ ሌላ አዋጅ አጽድቋል። በቀደመው አዋጅና በኋለኛው መካከል ባሉት ዓመታት በወንዝ ዳር ቁጥቋጦዎች ላይ የተንጠለጠለውን ስስ ፌስታል ያየ ሰው፣ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ቃል ወደ ድልድዩ እስኪወርድ ስንት ዘመን እንደሚፈጅበት ከማንም ሊቅ ሐተታ ይልቅ ያንን ቁጥቋጦ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ጥበቡ ልመለስ፤ ምክንያቱም የካሜራ ዓይን የሚያታልልበት መንገድ ብዙ ነው። የውኃ ገጽ ሰማይን ያንጸባርቃልና፣ ፀሐይ በወጣች ጊዜ የተነሣ የጠቆረ ወንዝ በፎቶግራፉ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ይህን ለማስወገድ ነጸብራቁን የሚቀንስ ማጣሪያ መስተዋት በሌንሱ ላይ ያኖራሉ፤ ወይም ደመና የሸፈነው ቀን ይመርጣሉ፤ በዚያን ጊዜ የውኃው እውነተኛ ኅብር፣ ማለትም ከቆዳ ፋብሪካ በታች ያለው አረንጓዴ ግራጫ፣ ከቄራ በታች ያለው ቡናማ፣ ኦክሲጅን አልቆበት የሞተው ጥቁር ይገለጣል። ሹተሩን ለብዙ ሰኮንድ ከፍተው የሚያነሡ ደግሞ አሉ፤ በዚህ ጊዜ በፏፏቴው ሥር የሚከማቸው የሳሙናና የፍሳሽ አረፋ በሥዕሉ ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ ለስልሶ ይታያል፣ ተመልካቹም «እንዴት ያምራል!» ይላል። ወዳጄ ይህን ዘዴ በሠርግ ቀን ለፏፏቴ ይጠቀምበታል፤ በቀበና ላይ ግን እምቢ አለ፤ ከጽድቅ መንገድ መውጣት አድርጎ ይቆጥረዋልና። ሰፊ ሌንስ በእግር ሥር ያለውን ትንሽ ክምር ተራራ ያደርጋል፤ ረጅም ሌንስ ደግሞ የተራራቁትን አቅርቦ ከተማውን ሁሉ በቆሻሻ የተዋጠ ያስመስላል። ሁለቱም ባይዋሹ እንኳ ያጋንናሉ። ስለዚህ እሱ በሰው ዓይን ልክ የሚያይ ሌንስ ይዞ፣ በየፎቶግራፉ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ድልድዩን ይጽፋል፤ በጥቅምት ያነሣውን ቦታ በግንቦት፣ በግንቦት ያነሣውንም በሐምሌ እየተመለሰ ከዚያው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያነሣል። በግንቦት የሚታየው ወንዝ ከሞላ ጎደል ፍሳሽ ብቻ ነው፤ በሐምሌ ያው ወንዝ ቀላ ያለ ጎርፍ ሆኖ፣ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ጠርጎ ወደ አቃቂ ሰዎች ይሸኘዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ቢደረግም፣ ካሜራ ፈጽሞ የማያየው ነገር አለ፤ የነገሩም ክፉ ክፍል ይኸው ነው። ፌስታልና ላስቲክ ዓይንን ያስቀይማሉ፤ ሰውን በቀጥታ የሚጎዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ የማይታዩት ናቸው፤ ከሰገራ የሚመጡት ተሕዋስያን፣ ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣው ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም። ቆዳን ለማልፋት የክሮሚየም ጨው ያስፈልጋል፤ በቆዳው ውስጥ ያልቀረው ትርፍ ሳይጣራ ከተለቀቀ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ክሮሚየም ባለበት ሁኔታ መጠን ጠባዩ ይለዋወጣል፤ ከጠባዮቹም አንዱ ነቀርሳን የሚያመጣ መሆኑ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። ይህ በውኃ ውስጥ ጥቂት በሚሆንበት ጊዜ ኅብርም፣ ሽታም የለውም።

በመካኒሳና በላፍቶ በኩል በትንሹ አቃቂ ዳር የተዘረጋውን የአትክልት እርሻ ያየ ሰው የዚህን ክብደት ያስተውላል። ጎመኑ፣ ቆስጣውና ሰላጣው በመደዳ ተተክሎ፣ የጧት ጤዛ አርፎበት፣ ከከተማይቱ አቧራ መካከል እንደ ኤዶም ገነት ያበራል፤ የሚጠጣውም ከወንዙ በሞተር የተሳበ ውኃ ነው። በእነዚህ እርሻዎች አፈርና ቅጠል ላይ ለዓመታት የተደረጉት ምርመራዎች ከባድ ብረቶች መኖራቸውን ደጋግመው አሳይተዋል፤ ከአትክልቱም ሁሉ ብዙውን የሚሰበስቡት ቅጠላ ቅጠሎቹ ናቸው። እንግዲህ ለፎቶግራፍ አንሺው የቀረበው ፈተና ይህ ነው፦ ከሁሉ የሚያምረው ሥዕል ከሁሉ የሚያስፈራው ሆኖ ሳለ፣ ፍርሃቱ በሥዕሉ ላይ አይታይም። አንድ ገበሬ፣ ወዳጄ ውኃውን ሲያነሣ አይቶ፣ «ወንድሜ፣ እኔም እኮ ከዚሁ ጎመን ነው ለልጆቼ የምወስደው» አለ፤ ንግግሩም ቁጣ አልነበረበትም። ከቦታው ቢነሣ ሌላ መሬት የለውም፤ ቢቀመጥ ሌላ ውኃ የለውም። ከዚያ በኋላ ወዳጄ ጎመኑን ብቻውን ማንሣት ትቶ፣ የሞተሩን ቱቦ ከወንዙ እስከ መደቡ ድረስ በአንድ ክፈፍ ማስገባትን ልማዱ አደረገ፤ የቀረውን ከፎቶግራፉ ሥር የሚጻፈው ቃል ይናገረዋል። ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ ይናገራል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ በዚህ ጉዳይ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ክሮሚየም በጽሑፍ ካልሆነ በቀር በምን ይነገራል?

ቆሼን ሳያነሡ ስለ አዲስ አበባ ቆሻሻ መጻፍ አይቻልም። በረጲ የሚገኘው ይህ ቦታ፣ ስፋቱ ወደ 36 ሄክታር ገደማ ሆኖ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማይቱን ጥራጊ ሲቀበል ኖሮ ተራራ ሆነ፤ በላዩም ላይ ብረትን፣ ጠርሙስንና ፕላስቲክን እየለቀሙ፣ እየለዩ፣ ለቆራሌውና ለነጋዴው እየሸጡ የሚኖሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነፍሳት ነበሩ፤ ከግርጌውም ቤት ሠርተው የሚያድሩ ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማምሻውን ተራራው ተንዶ ቤቶቹን ከነሰዎቹ ቀበረ፤ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሀገር ሦስት ቀን ኀዘን ተቀመጠ። በ2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ።

ከዚያ አደጋ በፊትም በኋላም ወደ ቆሼ ካሜራ ይዘው የወጡ፣ የሀገር ተወላጆችም የውጭ ሰዎችም፣ ብዙ ናቸው። በጢሱ መካከል ጆንያ ተሸክሞ የቆመ ሕፃን፣ በላዩም አባ ኮዳ የሚያንዣብብበት፣ ለጋዜጣ ገጽ የተሠራ ያህል ዓይን ይስባል። ነገር ግን የሕፃኑ ስም የለም፤ ፈቃዱ አልተጠየቀም፤ ጥራጊውም ከማን ማድ ቤት እንደ መጣ አይታወቅም። ለቃሚዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ካሜራ ሲያዩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ፤ አንዳንዶቹም ድንጋይ ያነሣሉ፤ እኔ አልፈርድባቸውም። በከተማይቱ ውስጥ ጥራጊን መልሰው ጥቅም ላይ የሚያውሉት እነሱ፣ ቆራሌውና የመርካቶው ምናለሽ ተራ ሆነው ሳለ፣ በፎቶግራፉ የቆሻሻው ባለቤቶች መስለው ይታያሉ።

በዚህ ነገር ላይ ከሩቅ ሀገር የሚጠቀስ አንድ ታሪክ አለ። በጃፓን በሚናማታ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ለብዙ ዓመታት ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲለቅ፣ ሜርኩሪው ወደ ዓሣ፣ ከዓሣውም ወደ ሰው ገብቶ ሽባነትንና ዕውርነትን አመጣ፤ በማኅፀን ያሉት እንኳ አልተረፉም። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን፣ ፍሳሹ ግን እስከ 1968 አልቆመም። ውኃው አልጠቆረም ነበር፤ ባሕሩ ያማረ ሰማያዊ ነበር። አሜሪካዊው ዩጂን ስሚዝ ከሚስቱ ከአይሊን ጋር በ1971 ሄዶ፣ ለሁለት ቀን ሳይሆን ለዓመታት በመካከላቸው ኖሮ፣ ከሕሙማኑ ጋር እየበላና እየጠጣ አነሣቸው፤ የፋብሪካው ሰዎች ደብድበው ዓይኑን እስኪጎዱት ድረስም ታገሠ። ከሁሉ የታወቀው ፎቶግራፉ እናት በሽታው ያደከማትን ልጇን በገንዳ ውስጥ ታቅፋ ስታጥብ ያሳያል። በዓለም ሁሉ ከተዘዋወረ በኋላ ግን፣ ልጅቱ ሞታ ስለ ነበር፣ ወላጆቿ ዕረፍት እንዲሰጣት ስለ ፈለጉ፣ አይሊን በ1998 ሥልጣኑን ለእነሱ መለሰች፤ ፎቶግራፉም ለብዙ ዓመታት እንደ አዲስ ሳይታተም ቆየ። ሥዕሉ ብዙ መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ያም ሆኖ የሥዕሉ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመልካም ሥራው በላይ ተቀምጧል።

የእኛዋ አይዳ ሙሉነህ በሌላ መንገድ ሄዳለች። በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአፋር በዳሎል ምድር ያነሣቻቸው ስለ ውኃ የሚናገሩ ፎቶግራፎች፣ በደማቅ ቀለም የተሸለሙ ሴቶች በታሰበበት ሥርዓት ቆመው የሚታዩባቸው፣ እንደ ቅዱሳን ሥዕል የተቀናበሩ ናቸው፤ የማንንም ድህነት በግድ አልዘረፉም። ውበታቸውን አከብራለሁ። ሆኖም የቀበናን ቱቦ ለመክሰስ የሚያስፈልገው የዚያ ዓይነት ሥዕል አይመስለኝም፤ ክስ ቀንና ቦታ ይፈልጋልና።

በ2011 ዓ.ም. የሸገርን ወንዞች ዳርቻ ለማስዋብ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ዕቅድ፣ ግምቱም 29 ቢሊዮን ብር የተባለ፣ ይፋ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በወንዞቹ ዳር መናፈሻ፣ የእግር መንገድና አበባ ያየንባቸው ስፍራዎች አሉ። ይህን የሚያጣጥል አይደለሁም፤ ቀድሞ አፍንጫውን ይዞ ይሮጥበት በነበረ ድልድይ ላይ ዛሬ ቆሞ ልጁን ፎቶ የሚያነሣ አባት አይቻለሁ። ነገር ግን ለፎቶግራፍ ሰው ክፈፉ የት ያልቃል የሚለው ጥያቄ እዚህ ይጸናል። ዳርቻው ሲያምር ውኃው የግድ ነጽቷል ማለት አይደለም፤ ክፈፉን ከአበባው ወደ ታች ጥቂት ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ከመናፈሻው በታች ወዳለው ሰፈር መሄድ ብቻ ይበቃል።

ወዳጄም የሄደው ወደ ታች ነው። በአባ ሳሙኤል ግድብ ቆመን ስናይ፣ ከከተማይቱ የወረደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያደለበው እምቦጭ የውኃውን ገጽ ሸፍኖት ነበር፤ ላላወቀው ሰው ጨፌ ይመስላል። ግድቡ ከሀገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ካቆመ በኋላ፣ በቻይና እርዳታ ታድሶ፣ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኗል። በአጠገቡ ከብቶቹን የሚያጠጣ አንድ እረኛ ካሜራውን አይቶ ከየት እንደ መጣን ጠየቀ፤ ከአዲስ አበባ ብንለው፣ «ውኃችሁ ከእናንተ ቀድሞ ደርሷል» አለን።

ውኃው ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም እንደ ሌሎች ታላላቅ አፍላጋት ወደ ባሕር አይደርስም፤ በቆቃ ሐይቅ አርፎ፣ የሸንኮራና የጥጥ እርሻዎችን አጠጥቶ፣ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ያልቃል፤ ስለዚህ ከተማይቱ የለቀቀችው ከሞላ ጎደል ሁሉ ከሀገር ሳይወጣ ይቀራል። የወዳጄም ሥዕሎች ይህንኑ የውኃ መንገድ ተከትለው ይደረደራሉ፤ እነሱን ለኤግዚቢሽን የጠየቀ አንድ ሰው፣ የቆሼውን ክምርና የአረፋውን ፏፏቴ ብቻ ለይቶ ሊወስድ ቢፈልግ፣ ወዳጄ በውኃው አወራረድ ቅደም ተከተል ሁሉም ካልተሰቀሉ አልሰጥም ብሎ መለሰው፤ በዚህም ገንዘብ ቀረበት፣ ሠርጉም ባይኖር ኪራዩን አይከፍልም ነበር። እኔ ትክክል ነው እላለሁ፤ ሚስቱ ደግሞ የእኔ ፍርድ ኪራይ አይከፍልም ትላለች። በተከታታዩ ውስጥ ክፍት የቀረው ቦታ የአዳማ ነው፤ የዚያ ከተማ ሰው የሚጠጣው ከቆቃ በታች ከአዋሽ ተስቦ የተጣራውን ውኃ ስለ ሆነ፣ የሚቀጥለው ፎቶግራፍ የማጣሪያው መግቢያ እንዲሆን አስቦ የፈቃድ ደብዳቤ አስገብቷል፤ መልሱንም እየጠበቀ ነው።